የአያ እንድሪስ ጠባብ ክራር

የራሰ የፍየል ቆዳ ሽታ ደስ አይልም። ደስ ይላል የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ ይከረፋል፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ በሳሙናም አይለቅም። ባለፈው ሰሞን ግን መርሳ ላይ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ አልራመድ አለኝ። ሐራ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ እየሄድኩ ነበር። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲገባ ጎማው ተነፈሰና ረዳቱ "ትንሽ ታገሱን፣ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ" አለን። እኔም ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ኮረኮንች መንገድ ወረድ አልኩ፤ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። አንድ የቆርቆሮ አጥር ጋ ስደርስ ሽታው መጣ። የራሰ ቆዳ፣ ከሱ ጋር ደግሞ አዲስ የተላገ የዋንዛ እንጨት። ያቺን የአራተኛ ክፍል ዓመቴን ይዞብኝ ከች አለ።

ብርቱካን የምትሸጥ ሴት "ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ሽታው ነው" አልኳት፣ ዓይኔን እየጠረግሁ።

"እሱስ ይገማል፤ ምን ይደረግ ብለሽ" አለችና የተቀመጠችበትን በርጩማ ለቀቀችልኝ። ሰው ደግ ነው። ተቀምጬ አጥሩን እያየሁ ቆየሁ።

አባዬ መካኒክ ነበር። ደምሌ መካኒክ ሲባል በዚያ መስመር የማያውቀው ሾፌር አልነበረም። ቀን እጁ የዘይትና የግራሶ ነው፤ አመሻሽ ላይ በሎሚ ፈትጎ ታጥቦ ክራሩን ከግድግዳ ሲያወርድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ክራር በሁለት ዓይነት ነው የሚመታው። አንዱ ድርደራ ነው፤ በግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ እየቆነጠሩ መጫወት። ሌላው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው ክሮቹን ተጭነው ያፍናሉ። እንዲሰማ የተፈለገውን ክር ብቻ ጣት ይለቀዋል። አባዬ ደርዳሪ ነበር። ገራፊ ሲሰማ "ይሄ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ!" ይላል፤ እኔም ምን አውቄ፣ አብሬው እስቃለሁ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ፣ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ክሪኩ ተንሸራተተ። አባዬ ተረፈ፤ ግራ እጁ ግን ተረፈ አይባልም። ወልድያ ሆስፒታል ሰንብቶ ሲመለስ ጣቶቹ ሁሉ ነበሩ፤ ሦስቱ ግን እንደ እንጨት ደርቀው ቀሩ። እኔ ጣቶቹ የተኙ ነበር የሚመስለኝ። አባዬ ሲተኛ ቀስ ብዬ ሄጄ ወደ ጣቶቹ ጠጋ ብዬ "ተነሱ፣ ተነሱ" እላቸው ነበር። ሞኝ!

ጥቅምት ገባ። ማሽላው ደርሶ ሰው ሁሉ ወፍ ጥበቃ ላይ ነው፤ የእኛ ቤት ጭጭ ብሏል። አባዬ ጋራዥ ሄዶ ለሌሎቹ "እንዲህ ፍታው፣ እንዲህ እሰረው" ሲል ይውልና መጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እማዬ ዓይኑ እንዳያርፍበት ብላ ክራሩን ከአልጋ ሥር ሸሽጋዋለች። እሱ ሆዬ አንድ ቀን ራሱ ጎትቶ አወጣው። በደረቀው እጁ አቅፎ በቀኙ ገረፈው። አምስቱም ክሮች ባንዴ ጮኹ። ጆሮ የሚበጥስ ነገር ነው። ደገመው። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ ሲያስመርረኝ ጊዜ ተነስቼ ሄጄ መዳፌን ክሮቹ ላይ ለጠፍኩና "ኧረ አባዬ በቃ!" አልኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ "ቆይ! እጅሽን እንዳታነሺ" አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን አየ። "እስቲ የመሃሏን ጣት ብቻ አንሻት።"

አነሳኋት። ገረፈ። አንዲት ድምፅ ብቻዋን ጥርት ብላ ወጣች።

"አሁን እሷን መልሺና ትንሿን አንሻት።"

ሌላ ድምፅ። ተያየን። አባዬ ሳቀ፤ እጁ ከተጎዳ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታን ተመልሳ ገባች፤ ስታለቅስም ሰማኋት። የቤት ሥራዬን ትቼ በመነሳቴ ተናዳ መስሎኝ እንዴት እንደፈራሁ!

ከዚያ ወዲህ እኔ የአባዬ ግራ እጅ ሆንኩ። ከግራ ጎኑ ተጣብቄ እቀመጣለሁ፣ ክንዴን ከክራሩ ኋላ አሾልካለሁ፣ እሱ እያንጎራጎረ ይገርፋል፤ የትኛዋ ጣት እንደምትነሳ በትከሻው ጎሸም እያደረገ ይነግረኛል። ብዙ ሳንቆይ ጉሸማውም ቀረ፤ ትንፋሹን ስሰማ ብቻ አውቀው ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ለሰው አስፈልጌ አላውቅም። ክራሩ ግን አልተመቸንም። ለአባዬ ትልቅ እጅ የተሠራ ነውና ክሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ጣቶቼን እስኪያመኝ እዘረጋለሁ፣ ዳርኛዋ ክር ታመልጠኛለች። ቆዳውም ለቁንጠራ የተወጠረ ስስ ቆዳ ስለነበር ሲገረፍ ይንጫጫል። "ይሄ የድሮው እኔ ክራር ነው" አለ አባዬ። "ለአሁኑ ሌላ እንፈልጋለን። ነገ አያ እንድሪስ ጋ እንሄዳለን።"

አያ እንድሪስ በዚያ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚሠሩ አናጺ ነበሩ፤ በር፣ አልጋ፣ ከሁሉ በላይ ክራር። ሰላታቸውን የማያስታጉሉ ሰው ነበሩና አንዳንዱ "አያ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እንዴት ክራር ይሠራል?" ሲላቸው "እኔ የምሠራው እንጨት ነው፤ ዘፈኑን ዘፋኙን ጠይቅ" ይላሉ። ልማድ ነበራቸው። ክራር ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን አንስቶ አይሄድም። መጀመሪያ አንዲት የተላላጠች አሮጌ ክራር ያስጨብጡትና "በል ምታ" ይሉታል። ጀርባቸውን ሰጥተው እንጨታቸውን እየላጉ ያዳምጣሉ። ከዚያ ነው የሚወስኑት፤ ለደርዳሪ ቆዳዋ ስስ የሆነ፣ ለገራፊ ገበቴዋ፣ ማለት የእንጨት ሆዷ፣ ጠለቅ ቆዳዋ ወፈር ያለ፤ የክሮቹንም ርቀት በጣቱ ልክ።

እኛ የሄድን ዕለት አንድ የወልድያ ጎረምሳ ከግድግዳ ላይ ያለችውን ጌጠኛ ካልሰጡኝ ብሎ ሙጭጭ ብሎባቸው ነበር።

"ወድጃታለሁ አያ፣ እሷን ይስጡኝ።"

"አንተ ወደድካት። እሷ ግን አትወድህም" አሉት። "እጅህ መዶሻ ነው፤ ወር ሳይሞላ ቆዳዋን ትቀድደዋለህ። በል ያቺን ተመልከት።"

እየተነጫነጨ ያቺኛዋን ይዞ ወጣ፤ ከበሩ ሳይርቅ መምታት ሲጀምር ግን ጥርሱ ተከፈተ። ወዲያው ወደኛ ዞሩ። "ደምሌ፣ እጅህ እንዴት ዋለ?"

"ተመስገን አያ፣ አለ።"

"በል እስቲ ምታ።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። "ብቻዬን አይደለም የምመታው። ከሙሉ ጋር ነው።"

አያ እንድሪስ አዩኝ። ሙሉ እኔ ነኝ። "ማሻአላህ" አሉና ዞረው መላግ ቀጠሉ። በዚያች በተላላጠችው ክራር አምባሰል መታን። መሃል ላይ መላጊያው ዝም አለ። ስንጨርስም አልዞሩም፤ "ድገሙልኝ" አሉ። ደገምን። ከዚያ ዞረው "እሠራለሁ። ስትደርስ እልክብሃለሁ፤ ሁለታችሁም ኑ" አሉት አባዬን። ሌላ ቃል የለም። እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ሠርተው ሲጨርሱም ስለ ሥራቸው ትንፍሽ አይሉም። ባለቤቱ እጅ ላይ ያስቀምጡና ዝም። የእጅን ሥራ በአፍ ማሞገስ ነውር ነው ባይ ናቸው።

አባዬ ውጭ ከአንድ ሾፌር ጋር ወሬ ሲይዝ አያ እንድሪስ ከገንዳ የራሰ ቆዳ አወጡና ሳንቃ ላይ ዘረጉት። "ነይ ሙሉዬ፣ ይቺን ያዥልኝ። ጣትሽን ዘርግተሽ ተጫኛት፣ እንደ ክራሩ።" ተጫንኩ። በከሰል በጣቶቼ መሃል መሃል ነጠብጣብ አደረጉ። ቆዳ ሲወጥሩ የረዳኋቸው መስሎኝ ኩራቴን ብታዩ! ቤት ስደርስ እማዬ "ምንድን ነው የሚገማው?" ብላ ስታጥበኝ አመሸች። ሽታው አልለቀቀም።

ያን ሰሞን በመርሳ ገበያ የሚሸጡ ፍየሎችን ስሰልል ነው የከረምኩት። የፍየሏ ድምፅ ከቆዳዋ ጋር ወደ ክራሩ የሚገባ ይመስለኝ ነበራ! አንዷን ፍየል ሰምቼ ሮጬ ሄድኩና "አያ፣ አንዲት ነጭ ፍየል አለች፣ ልክ አምባሰል ነው የምትለው" አልኳቸው። አልሳቁብኝም። "ወላሂ?" አሉኝ። "እንግዲህ የኛዋም ደህና ትዘፍን ነበር፤ አብሽሪ።" ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ነገር ያበላሸው ወሬ ነው። አባዬና እኔ ክራር የምንመታውን የሰፈር ሰው በአጥር ሰምቷል። አንድ ቀን አብሬው ሻይ ቤት ተቀምጬ ብስኩት ስበላ፣ አንዱ ጓደኛው ከወዲያ ሆኖ "ደምሌ፣ ለክራርህ ሞግዚት ቀጠርክለት አሉ!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ቀጠለ፤ "ሞግዚቷ ስታገባስ? ክራሩንም ይዛ ትሄዳለች?" አባዬም ሳቀ። ለጨዋታ ነው፤ የወሎ ሰው ቀልዶ አይጠግብም፣ ክፋትም የለውም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እጄን አልያዘኝም፤ ማታ ክራሩን አላወረደም። "አባዬ፣ አንመታም?" ስለው "ደክሞኛል" አለ። በማግስቱም ደክሞታል። እኔ ጣቴ ተሳስቶ ነው ብዬ ብቻዬን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስለማመድ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ አባዬ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ፊቱ ጠቁሯል። አያ እንድሪስ ልከውበት ብቻውን ሄዶ ነበር። ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ።

"ክራር አይደለም እኮ! ክሮቹ አንድ ላይ ጥብቅ ጥብቅ፣ የልጅ መጫወቻ! አንደኛው ቋሚ እንጨቱ ጎባጣ! እጄ ላይ አስቀምጠው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ልጅቱስ የታለች?' ልጅቱስ! እኔ ላይ እሳቸውም ይቀልዱ? 'ሞግዚትህስ' አይሉኝም ነበር?"

"ኧረ እሳቸው እንዲህ አይሉም" አለች እማዬ። "ጠይቀሃቸዋል?"

"ምን እጠይቃለሁ! ከእንግዲህ ብቻዬን የምመታው ክራር እፈልጋለሁ። ወልድያ ክራር ሞልቷል።"

አባቴ ኩራት ራቱ ነው። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና አያ እንድሪስን ጠመድኳቸው። እጁ የደረቀ ሰው ላይ የሚስቁ፣ ጎባጣ ክራር የሚሠሩ፣ ክፉ ሽማግሌ! በአጥራቸው ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አያ እንድሪስ ራሳቸው መጡ። ጋቢያቸው ውስጥ አንድ ነገር አቅፈዋል። አባዬ በመስኮት አይቷቸው "የለም በያቸው" አለኝ። ወጣሁ።

"አባዬ የለም" አልኳቸው። ከውስጥ የአባዬ ሳል ይሰማል።

አያ እንድሪስ ሳሉን እንዳልሰሙ ሆኑ። ጎንበስ አሉና በቀስታ "አይክፋሽ። የመጣሁት አንቺው ጋ ነው። ሙሉዬ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ" አሉኝ።

ሁለቱንም እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

ትንሽ ጠበቁኝ። "አብሽሪ" አሉ። "አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ።" ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። እኔ ለአባቴ ዘብ የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

አባዬ ከወልድያ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ክራር ገዝቶ መጣ። ያምራል፤ ያብረቀርቃል። በደረቁት ጣቶቹ ክሮቹን ለማፈን ታገለ፤ ክሮቹ እየነዘሩ አስቸገሩት። እኔ ቀስ ብዬ ተጠግቼ እጄን ሰደድኩ፤ ከሦስት ክር አላልፍ አለኝ። "ተይው ሙሉ" አለኝ። "ተይው፣ ሂጂ አጥኚ።" ጥቂት ቀን ሞከረ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ታህሣሥ ሲገባ የክራሩ ቀንበር ላይ ኮፍያውን ያንጠለጥልበት ጀመር። ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ከዚያ ወዲያ። ሞግዚት ያሉት ጓደኞቹ ራሳቸው "ደምሌ፣ ኧረ ክራሩስ?" ሲሉት "ትቼዋለሁ" ይላል፤ በዚህ አበቃ።

ከበርጩማው ተነሳሁና የቆርቆሮውን በር ገፋሁ። ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ የአያ እንድሪስ ልጅ ሁሴን፣ ለከበሮ ቆዳ ይወጥራል። እናቱ እትዬ ከድጃ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የደምሌ መካኒክ።"

"ያ ረቢ! ሙሉ ነሽ?" አገላብጠው ሳሙኝ። "አያሽ እኮ ወደ አኼራ ሄደ፣ ልጄ። አባትሽስ?"

"እሱም የለም፣ እትዬ።"

"ነፍሱን ይማረው። ነፍሱን ይማረው።" በዱላቸውም ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። "ያቺን ታውቂያታለሽ?"

አቧራ የጠጣች ክራር። ክሮቿ ጥብቅ ጥብቅ፣ አንደኛው ቋሚ ጎባጣ።

"ስንቱ ሊገዛት መጣ መሰለሽ" አሉ እትዬ ከድጃ። "ትልቅ ሰው ጣቱን ይሰዳል፣ አይገባለትም። ለልጄ ልውሰድ የሚለው ደግሞ ያነሳታል፣ ገበቴዋ ለልጅ ከባድ ነው፣ ልጅ አቅፎ አይችላትም። 'ኧረ አንተ ሰው፣ ክሮቹን አስፋና ሽጣት' ስለው 'ተያት፣ ይቺ የሁለት ሰው ናት' ይለኛል። የናንተ እኮ ናት! ግርፉ የአባትሽ፣ ጣቱ ያንቺ። 'ሁለታችሁም ኑ ብየው ብቻውን መጣ፤ ልጅቱን ጎኑ ባስቀምጣት ኖሮ ይገባው ነበር' እያለ ሲቆጭ ኖረ።"

ሁሴን አወረደልኝ፤ መቃኛዎቹን እያጠበቀ ክሮቹን ወጠረልኝ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ትልቅና ጠለቅ ያለች፣ የጎልማሳ ወንድ ጭን የምትሞላ ናት። የጎበጠው ቋሚ የግራው ነው። ሲሠራ የተበላሸ አይደለም፤ ከጎን የተቀመጠች ልጅ ክንዷን ሳትቆለምም እንድታስገባ ተብሎ፣ እንጨቱ በእሳት ሞቆ የተለመጠ ነው። ያን ዕለት ቆዳው ላይ በከሰል ያደረጉት ነጠብጣብ የጣቶቼ ልክ ኖሯል። ያን አርብ በር ላይ እጄን የጠየቁኝ ለዚህ ኖሯል። አባዬ፣ ማንም አልቀለደብህም። ይህን የምነግርህ የት ሄጄ ነው?

ክንዴን በጎባጣው በኩል ሰደድኩ፤ ሰተት ብሎ ገባ። ጣቶቼ ግን ወፍረዋል፤ አንዷ ጣቴ ሁለት ክር ትይዛለች። ከውጭ ረዳቱ "የሐራ! የሐራ! ሞልቷል፣ እንሂድ!" እያለ ይጣራል። በቀኝ እጄ አንዴ ገረፍኳት። አምስቱም ክሮች ባንዴ ጮኹ። መዳፌን ለጠፍኩባቸው፤ ጸጥ አሉ።

"የመሃሏን ጣት አንሻት" የሚለኝ አልነበረም።